ከደሴ ግቢዬ ጁፒተርን ስቀርጽ ለምን ይፈላብኛል?

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

ሰላም ቤተሰብ። እንዴት ከረማችሁ?

ግቢያችን ውስጥ ፕላኔት ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቴሌስኮፔ ባለ 6 ኢንች ዶብሶኒያን ነው፤ በእጅ እየተገፋ የሚዞር ባለ መስታወት ዓይነት። መስታወቱ 150 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 1200 ሚሊ ሜትር። ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው በካርቶን ያደረሰልኝ። ፒክስሏ 2.9 ማይክሮን የሆነች ትንሽ የፕላኔት ካሜራና ምስሉን የሚያጎላ ባለ 2 እጥፍ ባርሎ ሌንስም አሉኝ። ላፕቶፑ ያረጀ ቢሆንም ይሠራል።

ችግሬ ይኸውላችሁ። በዓይኔ ሳየው አልፎ አልፎ ጥርት ይልልኛል። ሁለቱ ቡናማ መቀነቶቹ ይታያሉ። አራቱ ጨረቃዎቹም ተደርድረው ቁጭ ይላሉ። ቪዲዮ ስቀርጸው ግን ይፈላል። ሌላ ቃል አጣሁለት። ድስት ውስጥ ውሃ ሲንተከተክ ከሥሩ ሳንቲም ብትጥሉ ጠርዙ ይሟሟ የለ? ልክ እንደዚያ። ከቪዲዮው 3000 ፍሬም (ነጠላ ምስሎች) አንዱን በሌላው ላይ ደራርቤ ያገኘሁት የተቀባ የሚመስል ቢጫ ክብ ነው።

የምቀርጸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ጁፒተር ያን ጊዜ ከጎረቤት ጣሪያ ብቅ ይላል። ካሜራዋን ልቀይር? ወይስ የከተማው መብራት ነው? ጥር 2 ጁፒተር ከመሬት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት (በሰማይ ከፀሐይ ተቃራኒ የሚሆንበት) ቀን ስለሆነ ከዚያ በፊት ነገሩን ማስተካከል እፈልጋለሁ።

———

ወልድያ ፊዚክስ (ወልድያ)
ታኅሣሥ 13፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ሰላም ወንድሜ። ሥዕሉን አየሁት። ካሜራህን አትቀይር። ገንዘብህን ያዝ።

የከተማውን መብራት ተወው። መብራት የሚጎዳው ደብዛዛ ነገር የሚያነሳን ሰው ነው፤ ኔቡላና ጋላክሲ የሚያሳድደውን። ጁፒተር ከመንገድ መብራት ሥር ቆመህም ይነሳል።

ካሜራህና ባርሎህም ተስማምተዋል። ለፕላኔት ጥሩ የሚባለው ፎካል ሬሾ (የትኩረት ርዝመቱ ለመስታወቱ ስፋት ሲካፈል) የፒክስሉን መጠን በ5 ስታባዛ የሚመጣው ነው። ያንተ 14.5 ይሆናል። ቴሌስኮፕህ 1200 ለ150 ሲካፈል 8 ነው፤ በባርሎው 16። በቂ ነው። ከዚህ በላይ ብታጎላው ብዥታውን ነው የምታጎላው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በዚህ ሰሞን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጁፒተር ከአድማስ 20 ዲግሪ እንኳ አልሞላም። እዚያ ዝቅ ብሎ ሲታይ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር አናትህ ላይ ቢሆን ከሚያቋርጠው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ብትታገሥ 60 ዲግሪ ይደርስልሃል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። እኛ ወሎዬዎች ለፕላኔት የተመቸን ነን። ደሴ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ስለዚህ ፕላኔቶች ሁሉ ከፍ ብለው ነው የሚያልፉብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጁፒተርና ሳተርን ወደ ደቡብ ሰማይ ወርደው ነበር። ያን ጊዜ ለንደን ያለ ሰው 17 ዲግሪ ገደማ ላይ ይታገላል፤ እኛ 57 ዲግሪ ላይ እናያቸዋለን። ዘንድሮማ ጁፒተር ጀሚናይ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ስለሆነ ከአናታችን 11 ዲግሪ ብቻ ራቅ ብሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከአየሩ ሩብ ያህሉ ከእግርህ በታች ነው። ይህን ሀብት ከጎረቤት ጣሪያ ላይ አታባክነው።

———

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ታኅሣሥ 13፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

አብሽር ወንድምዓለም። መምህር ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ግን ስለ ጣሪያው ልጨምር።

ቆርቆሮው ሥር ሰው አለ። ከሰል አለ፣ ቡና ይፈላል፣ ራት ይሠራል። ያ ሙቀት በጣሪያው በኩል ወደ ላይ ይወጣል። አንተ ደግሞ በዚያ ሙቀት መሃል አሾልከህ ነው የምታየው። አስፋልቱና ኮንክሪቱም ቀን የጠጡትን ፀሐይ እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋሉ። እኔ ኮምቦልቻ የኮንክሪት ሰገነት ላይ ወጥቼ አንድ ዓመት ሙሉ ደከምኩ። ከዚያ ወርጄ ጓሮ ሣሩ ላይ አቆምኩት። በዚያው ሌሊት ለውጡን አየሁት።

ሌላ ጥያቄ። ቴሌስኮፑን የምታስቀምጠው ቤት ውስጥ ነው? አውጥተህ ወዲያው ነው የምትቀርጸው? መስታወቱስ ካርቶኑ ውስጥ ተንገጫግጮ ከመጣ በኋላ ኮሊሜሽኑን (የመስታወቱን አቅጣጫ ማስተካከሉን) ነክተኸዋል?

———

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ታኅሣሥ 13፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

አዎ፣ ሳሎን ነው የሚያድረው። አውጥቼ በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው የምጀምረው። ኮሊሜሽን የሚባለውን እስካሁን አልነካሁም። መስታወቱን አበላሸዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

———

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ታኅሣሥ 13፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል

አትፍራ። መስታወቱን ራሱን በእጅህ አትነካውም፤ ከኋላው ያሉትን ሦስት ብሎኖች ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን ይቀዝቅዝ። ሳሎናችሁ ቡና ሲፈላ ሞቅ ይላል፤ ታኅሣሥ ውስጥ የደሴ ውጪ ደግሞ ታውቀዋለህ። የሞቀ መስታወት ከፊቱ ቀጭን የሙቅ አየር ሽፋን ያነሳል። ያም በቱቦው ውስጥ ይሽከረከራል። ፀሐይ ስትጠልቅ አውጣውና ለሁለት ሰዓት ተወው።

ከዚያ ከፍ ያለ ደማቅ ኮከብ ያዝ፤ አሁን አልደባራን ይሆንሃል። አጉላውና ትኩረቱን ትንሽ አዛባው። ኮከቡ ቀለበት በቀለበት ይሆናል፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ክብ አለ። ያ ጥቁር ክብ መሃል ላይ ከሆነ ሰላም ነህ። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ መስታወትህ ዞሯል። ብሎኑን እጅግ በጥቂቱ አዙር፣ ኮከቡን ወደ መሃል መልስ፣ ደግመህ እይ። አንድ ሰው ብሎኑን ቢያዞርልህና አንተ ብታይ ደግሞ ይቀላል። እኔ ታናሽ እህቴ ናት የምታዞርልኝ።

———

የሐይቅ ልጅ (ሐይቅ)
ታኅሣሥ 14፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት

እኔ ካሜራም ላፕቶፕም የለኝም። 130 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕና ስልክ ብቻ ነው። ግን ጁፒተርን ከመቀነቶቹ ጋር አንስቻለሁ፤ ስለዚህ ስልክ ብቻ ያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ስልኩን በእጅ መያዝ አይሆንም። የስልክ መያዣውን ዓይን ሌንሱ ላይ እሰሩት። ቪዲዮ ላይ አድርጉና ጁፒተርን በጣታችሁ ተጭናችሁ ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱት፤ ዲስኩ ከነጭነት ወጥቶ ቢጫ እስኪሆን። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ነጭ አምፖል አንስቶ ቴሌስኮፑን ይወቅሳል።

ስለ ቦታ ከሆነ እኔ ሐይቁ ዳር ሞክሬ ነበር። ኮከቦቹ ዝም ይላሉ፤ እርጥበቱ ግን አስቸገረኝ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን ዓይን ሌንሱ ጤዛ ለበሰ። በጨርቅ ስወለውለው ባሰበት። አሁን ከሐይቁ ራቅ ብዬ ሣር ሜዳ ላይ ነው የማቆመው። ዓይን ሌንሱንም ከኮቴ ኪስ ውስጥ አሙቄ አወጣዋለሁ።

———

የመድረሳ ልጅ (ደሴ)
ታኅሣሥ 14፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ደሴ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር። አያቴ ጁፒተርን ሙሽተሪ፣ ሳተርንን ዙሐል፣ ቬነስን ዙህራ ነው የሚሏቸው። በዓረብኛው ማለት ነው። ጎረቤታችን ያሉ የቤተ ክህነት አባትም የባሕረ ሐሳብ ነገር ሲያወሩ እነዚሁን ስሞች ይጠሩ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ተቀምጠው በአንድ ስም ስለ አንድ ኮከብ ሲያወሩ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ለአያቴ ቢታያቸው ደስ ይለኛል። ጦሳ ሥር፣ ሰው ታስገባለህ?

———

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ታኅሣሥ 15፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

አልተኛሁም። ልንገራችሁ።

ቴሌስኮፑን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አውጥቼ ተውኩት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ወደ ምሥራቅ አዞርኩትና ምን እንዳለ ዝቅ ብዬ አየሁ። ከቱቦው ፊት ለፊት፣ ልክ በጁፒተር አቅጣጫ፣ የእኛው ማድቤት ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ጭሱ በቆርቆሮው ክፍተት ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ሁለት ወር ሙሉ የእናቴን ምጣድ ነው ስቀርጽ የከረምኩት!

ኮሊሜሽኑም ዞሮ ነበር። ጥቁሩ ክብ ወደ አንድ ጎን ተጣብቆ፣ ቀለበቱ በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ቀጥኗል። ወንድሜ ብሎኑን እያዞረ እኔ እያየሁ 40 ደቂቃ ፈጀብን። ሲስተካከል ግን እልል ማለት ነው የቀረን።

ከዚያ ጓሮ፣ ጎመኑ አጠገብ ያለው ሣር ላይ አቆምነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አየሁት። ዝም ብሏል። ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። መቀነቱ ላይ ከዚህ በፊት ያላየሁት ሻካራ ነገር አለ፤ እንደ ጋቢ ጥለት ጫፍ ክር ክር ያለ።

አሁን ሌላ ችግር መጣ። ወደ 8 ሰዓት ሲጠጋ ጁፒተር አናቴ ላይ ወጣና ቴሌስኮፑን ማዞር አቃተኝ። ትንሽ ስገፋው ይዘላል። ፕላኔቱም በ10 ሰከንድ ከምስሉ ይወጣብኛል። መከታተያ ሞተር የለኝም። ምን ይሻላል?

የመድረሳ ልጅ፣ ቤት ለእንግዳ ነው። አያትህን ይዘህ ና፤ ወንበር አዘጋጃለሁ።

———

ወልድያ ፊዚክስ (ወልድያ)
ታኅሣሥ 15፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ደስ ብሎኛል። የምጣዱን ነገር ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ብርሃን ስብራት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ዶብሶኒያን አናት ላይ ያለውን ሰማይ አይወደውም። ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም ወደ ጎን መግፋት ማለት እዚያው መሽከርከር ብቻ ይሆናል። የእኛ ጸጋ ከዚህ ችግር ጋር ነው የመጣው። መፍትሔው አናት ላይ እስኪደርስ አለመጠበቅ ነው። ከመድረሱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ካለፈ ሁለት ሰዓት በኋላ ቅረጽ። 60 ዲግሪ ላይ ያለው አየር ከአናት ካለው ብዙም አይለይም። ጥር 2 አናት ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ያንተ ጊዜ ነው።

10 ሰከንድ ያልከውም መስኮቱን ስላጠበብከው ነው። 640 ፒክስል ላይ አድርገኸው ይሆናል። የካሜራውን መስኮት ረጅምና ቀጭን አድርገው፤ ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 400። እንዲህ ያሉ ካሜራዎች የሚያነቡት በመስመር ስለሆነ ቁመቱን ስትቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከዚያ ካሜራዋን ዓይን ሌንሱ ቦታ ላይ አዙራት፤ ፕላኔቱ በረጅሙ ጎን እንዲጓዝ። ጁፒተርን አንድ ጫፍ ላይ አስቀምጠህ እጅህን አንሳ። ምድር ራሷ ታዞርልሃለች። ከጫፍ ጫፍ ለመሻገር 30 ሰከንድ ከትንሽ ይፈጅበታል። በ2 ደቂቃ ተኩል ውስጥ አራት ጊዜ አሻግረው። ቪዲዮዎቹን ፒፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አስገባ፤ እሱ ፕላኔቱን መሃል ላይ እየሰበሰበ ያስተካክልልሃል።

ከ3 ደቂቃ አትለፍ። ጁፒተር ራሱን የሚዞረው በ9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ነው። ስትዘገይ መልኩ ይንሸራተትና ስትደራርበው ይደበዝዛል።

———

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ታኅሣሥ 15፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ትኩረቱን በጁፒተር ላይ አታስተካክል፤ ዲስኩ ያታልላል። ከጨረቃዎቹ አንዷን ያዝ፤ ጋኒሜድን ለምሳሌ። ትንሿ ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ስታንስ ትክክል ነው። ከዚያ ቴሌስኮፑን አትንካው።

ስትደራርብ ደግሞ ሁሉንም ፍሬም አትውሰድ። አውቶስታከርት የሚባለው ፕሮግራም ከጥሩው ወደ መጥፎው ይደረድርልሃል። ደህና ሌሊት ከሆነ ምርጡን ሩብ ውሰድ፤ ካልሆነ አሥር በመቶ ይበቃል። የሥራው ምሥጢር እዚህ ጋ ነው። አየሩ ለአፍታ ዝም ሲል የተገኙትን ፍሬሞች ለቅመህ ነው አንድ ሥዕል የምትሠራው። ጤፍ እንደ መልቀም ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። በኋላ ሬጂስታክስ በሚባለው ፕሮግራም ሥዕሉን ስታጠራና ስለት ስትሰጠው አታብዛው። ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ካየህ አልፈኸዋል ማለት ነው፤ ተመለስ።

———

ላስታ (ላሊበላ)
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ዘግይቼ መጣሁ፤ ግን አንድ ነገር ልበል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ የቀለበት ግርዶሽ ስትሆን እዚሁ ላሊበላ ነበርኩ። ቀኑ ጨለም አለ፤ ብርዱም ተሰማኝ። ሰማይ ማየት የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን ሰው ባዶ ዓይኑን ሲያንጋጥጥ አይቻለሁ፤ እስካሁን ያሳዝነኛል። ቴሌስኮፕ ግቢያችሁ ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ ቀን ላይ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። ፊቱ ላይ ትክክለኛ የፀሐይ ማጣሪያ ሳይኖር ወደ ፀሐይ ያዞረው ልጅ ዓይኑን በቅጽበት ያጣል።

ሰማያችንን ግን ዕወቁት። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ከዚያ ለሚበልጥ ቴሌስኮፕ ደግሞ የእኛው የላስታ ተራሮች ሲጠኑ ነበር። ያውም ያለ ምክንያት አይደለም።

———

የሐይቅ ልጅ (ሐይቅ)
ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሳተርንን የሞከረ አለ? እኔ ቀለበቱ የጠፋ መስሎኝ ደነገጥኩ።

———

ወልድያ ፊዚክስ (ወልድያ)
ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

አልጠፋም እህቴ። ባለፈው መጋቢት 2017 ቀለበቱ በጎኑ ወደ እኛ ዞረ። አሁንም ገና በጎኑ ስለሆነ መርፌ የወጋው ኳስ ነው የሚመስለው። በየዓመቱ እየተከፈተ ይሄዳል። መስከረም 2019 ላይ ሳተርን ራሱ ከመሬት ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ቀለበቱ ከአሁኑ በደንብ ይሻላል። የአሁኑንም አንሺው፤ እንዲህ ሆኖ የሚገኘው በ15 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ነው። ግን ምሽት ላይ ቶሎ ያዢው፤ ወደ ምዕራብ አጋድሏል። ደሴ ያሉትንማ የጦሳ ተራራ ይቀድማቸዋል።

ገና ደርሷል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ነው ጋሊሊዮ የጁፒተርን ጨረቃዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው። ዘንድሮ ያ ቀን ከገና ጋር ነው የሚገጥመው። ከበዓሉ ራት በኋላ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ አሳዩ። የእሱ ቴሌስኮፕ ዛሬ እናንተ እጅ ካለው እጅግ ያነሰ ነበር።

———

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ጥር 3 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ቤተሰብ፣ ሥዕሉን ከታች አያይዣለሁ። መጀመሪያ ስለ ሌሊቱ ላውራ።

ትናንት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ዘጋሁትና ጠበቅሁ። በመሃሉ የመድረሳ ልጅ አያቱን ይዞ መጣ። እናቴ ቡና አፈላች፤ ከሰሉን ግን ከቴሌስኮፑ በስተጀርባ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል አስቀመጠችው። ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ናት ያሰበችው።

አያትየው ኩርሲ ላይ ተቀምጠው አጎነበሱ። ሃይ ሃይ የለም፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ፕላኔቱ የወጣባቸው መስሎኝ "አልታየዎትም እንዴ?" አልኳቸው። እጃቸውን ብቻ አነሱ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። ቀና ሲሉ "ሙሽተሪ ልጆች አሉት እንዴ?" አሉ። አራቱን ጨረቃዎች ቆጥረዋቸዋል። ቀጥሎ እናቴ አየች። እሷ ደግሞ መቀነቱን አይታ "ማን አስታጠቀው?" አለች።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ። 1920 በ400፣ ልክ እንደተባለው። ጋኒሜድ ላይ አተኮርኩ። አራት ጊዜ አሻገርኩት። ደግሜ አራት። ባትሪው 11 በመቶ ሲል አቆምኩ። ማለዳ መብራት ሲመጣ ደራረብኩት። ከ9000 ፍሬም ምርጡን ሩብ ወሰድኩ።

ከጠርዙ ገባ ብላ ቀይዋ ነጠብጣብ አለች። ታላቋ ቀይ ነጠብጣብ፣ ጁፒተር ላይ ያለችው ግዙፍ ማዕበል። ግቢያችን ውስጥ፣ ከጎመኑ አጠገብ ሆኜ ነው ያነሳኋት። አየሩ ትንሽ ጭጋግ ነገር ነበረው፤ ኮከቦቹም ደመቅ አላሉም። ግን አይንቀጠቀጡም ነበር። ጥቅምት ላይ ዝናብ ባጠበው ጥርት ያለ ሰማይ ይህን አላገኘሁም።

———

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ጥር 3፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ያ ነው ነገሩ! ጥርት ያለ ሰማይና ዝም ያለ ሰማይ ይለያያሉ። ለፕላኔት የምንፈልገው ዝም ያለውን ነው። ሥዕልህ ሸጋ ነው፤ በግራ ጠርዝ ላይ ብቻ ስለቱ ትንሽ በዝቷል። ያልተሳለውን ፋይል ላክልኝ፤ እኔም ልሞክረው።

———

የሐይቅ ልጅ (ሐይቅ)
ጥር 3፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት

አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

በልግ ሳይገባ አንድ ላይ ብንወጣስ? እኔ ጋ ያለው ሣር ሜዳ ሰፊ ነው፤ ምሥራቁም ክፍት ነው። ከደሴ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ጥር 9 ጨረቃም የለችም። ቴሌስኮፕ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ብርድ ልብስ ይያዝ። የመድረሳ ልጅ፣ አያትህንም አምጣቸው። ኩርሲ እኔ አዘጋጃለሁ።

———

የመድረሳ ልጅ (ደሴ)
ጥር 3፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

ነገርኳቸው። ዙሐልም ይታይ እንደሆነ ጠየቁኝ።

———

ወልድያ ፊዚክስ (ወልድያ)
ጥር 3፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ይታያል በሏቸው። ገና ሲመሽ ወደ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ከመግሪብ በኋላ ወዲያው ዝግጁ ሁኑ። እኔም ከወልድያ እመጣለሁ።